«ጌታ ነግሮኛል» ያላለኝ ሰው

ከቃል ሁሉ የማልችለው «ጌታ ነግሮኛል» የሚለውን ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ። ጌታ አይናገርም አላልኩም። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተንበርክካ ስትለምነው ኖራለች፤ ብዙ ጊዜም እንደመለሰላት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ይወደኛል፤ ለመናገር ይፈራል፤ ከዚያ ፍርሃቱን ጌታ ላይ ጭኖ ይመጣብኛል። በራሱ አፍ «ወደድኩሽ» ቢለኝ፣ እኔም በራሴ አፍ «አልወደድኩህም» ብዬው በሰላም እንለያያለን። ጌታ ልኮት ከመጣ ግን እምቢ የምለው ማንን ነው?

በ2000 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ ብለውኛል።

ማክሰኞ ዕለት ናትናኤል መጣ። በመዘምራኑ መካከል ቆሞ ጊታር የሚጫወት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘምር ልጅ ነው። ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ አስቆመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህት ወንጌላዊት፣ በጸሎት ላይ ሳለሁ ነጭ ልብስ ለብሰሽ አየሁሽ» አለኝ።

«ነርስነት ልማር ይሆናል» አልኩት።

ዓርብ ደግሞ ሚኪያስ መጣ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ክፋት የለበትም።

«ጌታ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝና ስምሽን ጠራልኝ» አለኝ።

«ከዚያ በፊት ስሜን አታውቀውም ነበር?»

«ኧረ በደንብ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር ነገረህ?»

ትንሽ አሰበና «በዚህ ላይ ልጸልይበት» ብሎኝ ሄደ።

ሥራዬም ለዚህ በሽታዬ መድኃኒት አልሆነም። መሃል ከተማ ውስጥ «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ በተለጠፈበት ቤት የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ያኔ ሁሉም ነገር «የሚሊኒየም» ነበር፤ ዳቦ ቤቱም ፀጉር ቤቱም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሪፖርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ከዚህ አንፃር» የማይል ሪፖርት የለም። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል፤ ማን እንዳስቀመጠው፣ የት እንዳስቀመጠው አይታወቅም። «ባለድርሻ አካላት» የሚባሉ ሰዎችን ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኳቸው እንጃ፤ አንዳቸውንም ግን አግኝቼ አላውቅም። ተራው ሰው እንኳ የውኃ ቆጣሪ ይቀየርልኝ ለማለት «በታላቅ ትሕትና ለመግለጽ እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሐዋሳ ውስጥ «እወዳለሁ» የሚለው ቃል በብዛት የሚጻፈው ማመልከቻ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኩማ የመጣው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ፣ እኔም ድካሙ አፌን መራራ አድርጎት፣ አንድ ወረቀት ከፊቴ አስቀመጠ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «የመለኪያ መሣሪያዬ ስለተሰበረ ሦስት ቦታዎች መለካት አልቻልኩም። ሌላ ይሰጠኝ። ኩማ ሀመሶ፣ ቀያሽ።»

ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ባዶ ነው።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው።»

«‹ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው› አላልክም።»

«ርዕሱን ያዩታል። ከላይ ነው ያለው።»

«መጨረሻ ላይም ‹ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ› ይባላል።»

«ሲሰጡኝ አመሰግናቸዋለሁ» አለ።

ያኔ ቀና ብዬ አየሁት። ቀጭን ነው። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ግንባሩ ላይ ባርኔጣው ያረፈበት ቦታ ከሌላው ፊቱ ይፈካል። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። እሱም ቀና አለ። ተያየን። ከዚያ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ፣ እሱ ወደ ውጭ ዞርን። አንዲት መስመር ለመጻፍ እንደዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ነገር አላጣም። ሁሉም አጭር ነው። አንድ ቀን ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ባዶውን መጣ።

«ወረቀቱስ?» አልኩት።

«ዛሬ የሚጻፍ የለኝም። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ምን ልበል? እኔ፣ ለሁሉ መልስ አላጣም የምለው ሴትዮ፣ «እሺ፣ ተቀመጥ» ብቻ አልኩ።

የሸበዲኖ ልጅ ነው። እኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልከው፤ ግን በሲዳምኛ የሚካሄደውን የጠዋቱን አምልኮ ተካፍሎ እኛ ስንገባ እሱ ይወጣል። ለዚህ ነው ሳንተዋወቅ የቆየነው። «አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ያላወቅሁትን ቃል ስጠቀም ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል» ይለኛል። እኔ ደግሞ እናቴ ወላይታ፣ አባቴ ሐዲያ ሆነው በመሃል ቤታችን አማርኛ ስለሆነ፣ ቃል ሳባክን ነው ያደግሁት።

ከሥራ ስወጣ ሐይቅ ዳር እየወረድን እንራመድ ጀመር። የናትናኤልንና የሚኪያስን ነገር የነገርኩት እዚያ ነው። ሳይስቅ ሰማኝ።

«በአንድ ሳምንት?» አለ።

«በአንድ ሳምንት።»

«በእኛ መሥሪያ ቤት ይኼ ድርብ ምሪት ይባላል። አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው መምራት። ፍርድ ቤት ያስኬዳል።»

በሳቅ ሆዴን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ያሳቀኝን ነገር ለማወቅ ዓይኔን ያይ ነበር። እንደዚያ ሰው አይቶኝ አያውቅም፤ የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ ሳይሆን ሊያውቀኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሐይቁ ዳር ባለው በጉዱማሌ ሜዳ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ «ወድጄሻለሁ» አለኝ።

ቃሉ ጭራ ይኖረዋል ብዬ ጠበቅሁ። ጭራ የለውም። ሰውየው ተናግሮ ጨርሷል።

«ማን ነገረህ?» አልኩት፣ ልፈትነው።

«ማን ይነግረኛል? የወደድኩት እኔ ነኝ።»

እኔም ወደድኩት። ያን ቀን ሳይሆን ያን ማመልከቻ ይዞ የመጣ ቀን ነው የወደድኩት፤ ጉዱማሌ ላይ ግን ለራሴ አመንኩ። እጄን ሰጠሁት፤ እሱም ያዘው። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ እስክትገባ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።

ቤታችን ይዤው ስገባ እናቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ አብልታ አጠጣችው፤ ከዚያ እንደ ጠበቅሁት ጠየቀችው። እናቴ የእሮብ የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያላት ነገር ያ ቡድንና እኔ ነን።

«የኔ ልጅ፣ ጸልየህበታል?»

«አዎ እማማ፣ ጸልዬያለሁ።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

«ምንም አላለኝም።»

እናቴ ከልቧ ሳቀች። ሲሄድ በሩን ዘግታ፣ «እንዴት ያለ ትሑት ነው!» አለችኝ። ትሕትና አለመሆኑን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ደስታዋን አይቼ ተውኩት።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለመጋባት የፈለጉ ሰዎች በቅድሚያ የጋብቻ ኮሚቴው ፊት ይቀርባሉ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ካሳሁን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት፣ ትንሽ የሚናገሩ። እትዬ ሙሉጌጥ የሴቶቹን ጉዳይ ይከታተላሉ። ጸሐፊው አቶ ጉልላት ደግሞ ቅጽ ይሞላሉ። እኒያን ቅጾች እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኳቸው፤ በፎቶ ኮፒም ያባዛኋቸው እኔ ነኝ። አንደኛ ስም፣ ሁለተኛ ዕድሜ፣ ሦስተኛ የተጠመቁበት ዘመን፣ አራተኛ የወላጅ ፈቃድ፣ አምስተኛ «ጌታ የመራበት መንገድ»። አምስተኛው ሥር ሦስት ባዶ መስመር አለ። ስጽፈው እንዳንገሸገሸኝ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ያ መስመር እኔን እንደሚያንቀኝ ግን አላሰብኩም።

ጋሽ ካሳሁን መጀመሪያ የጠየቁት ኩማን ነው።

«ወንድም ኩማ፣ እህታችን የሕይወት አጋርህ እንደሆነች ጌታ እንዴት ነገረህ?»

«አልነገረኝም» አለ ኩማ።

የአቶ ጉልላት እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ሙሉጌጥ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መጋረጃው ዞርኩ።

«በህልምም ቢሆን?» አሉት እትዬ ሙሉጌጥ ሊረዱት ፈልገው። «በቃሉ? በሰው አፍ? ልብህ ላይ የወረደ ሰላም እንኳ?»

«ልቤ ሰላም የለውም እማማ። እሷን ካወቅሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም። አቶ ጉልላት መስመሩን ባዶ ጥለው ቅጹን አጠፉት። ሦስት ወር ጸልየን እንድንመለስ፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ እንዳንገናኝ ወሰኑ። ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ የተጋባ ሰው ከጉባኤው ይታገዳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቴም በዚያው ቀን ማታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ፦ «አንቺ ከታገድሽ እኔም ከጸሎት ቡድኑ እወርዳለሁ፤ በምን ፊቴ ሰው ፊት እቆማለሁ?»

እንግዲህ ወይ እሱን፣ ወይ እሷን። ነገሩ ይኸው ነው።

ከግቢው በር ስንወጣ ግን ይህን ገና አልሰማሁም። በንዴት ብቻ ነበር የምቃጠለው።

«ኩማ፣ ሁለት ቃል ናት!» አልኩት። «‹ጌታ ነግሮኛል!› ይህን ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል?»

«ይህን ቃል የምትጠዪው አንቺ ነሽ።»

«ዛሬ ወድጄዋለሁ! ዛሬ ከቃል ሁሉ የምወደው እሱን ነው!»

በዚያ በረጋ ድምፁ «የሰው ቦታ ሳልለካ ‹ለካሁ› ብዬ ብፈርም ቤቱ ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ይሠራል» አለኝ።

«እኔ ቦታ አይደለሁም!»

«አይደለሽም። ለዚህ ነው የምፈራው።» ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ። «በጌታ ስም ዋሽቼ ካገባሁሽ፣ ጠዋት ጠዋት ፊትሽን ባየሁ ቁጥር የማየው ውሸቴን ነው። እኔ የምፈልገው ፊትሽን ማየት ነው።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው አቅፋ ትስመው ነበር። እኔ ግን ወንጌላዊት ነኝ። «እንግዲያውስ ፊቴን ሦስት ወር አታየውም!» ብዬው የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሾፌሩ «ወዴት ነው እህቴ?» ሲለኝ የምሄድበትን አላውቅም። ቤታችን እዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። «በቃ ንዳው!» አልኩት። እስከ ዓሣ ገበያው ድረስ በከንቱ ወሰደኝ።

ያ ሦስት ወር በማልወዳቸው ቃላት ሁሉ የተሞላ ነበር። ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ይለኛል። «ምናልባት ጌታ ከዚህ የተሻለ አዘጋጅቶልሽ ይሆናል» የሚለኝም አለ። ከዚህ የተሻለ አልፈልግም፤ ይኼን ነው የምፈልገው! ግን ለማን ይነገራል? «አሜን» ብዬ አልፋለሁ።

በሁለተኛው ወር ናትናኤል የሠርግ ጥሪውን ሊያጽፍ መጣ። ከአርባ ምንጭ የመጣች ቆንጆ ልጅ ሊያገባ ነው። ካርዱ «ጌታ ከጥንት ጀምሮ ለእኔ እንዳዘጋጃት በነገረኝ መሠረት» ይላል።

«ናቲ፣ ከጥንት ጀምሮ?» አልኩት።

«ከጥንት ጀምሮ» አለ ሳያፍር።

«የዛሬ ስድስት ወር ነጭ ለብሳ ያየሃት ታዲያ ማን ነበረች?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጻፍኩለት፤ መቶ ሃምሳ ቅጂ አወጣሁለት። ኮሚቴው በአንድ ቀን ነበር ያሳለፈው። የዋሸው ሰው ሠርግ ሲደግስ ያልዋሸው ሰው ሊያየኝ ተከልክሎ ተቀመጠ። ያን ቀን ከጌታ ጋርም ተጣላሁ፤ «አንተስ ብትሆን አንዲት ቃል ጣል ብታደርግለት ምን ይጎድልብህ ነበር?» አልኩት።

እናቴም ወዲያው ሚኪያስን ማንሳት ጀመረች።

«ጨዋ ሰው ነው። ቢያንስ እሱ ሰምቷል» ትለኛለች።

«እማዬ፣ እሱ የሰማው የራሱን ብቸኝነት ነው።»

«ብቸኝነትም ቢሆን ይናገራል» ትላለች። ለካ እሷም ብቻዋን ናት። ይህን ሳስብ ንዴቴ ወደ እንባ ይለወጥና የባሰ ያናድደኛል።

ኩማ ደግሞ ቃሉን ጠበቀ። አትገናኙ ከተባልንበት ቀን ጀምሮ ደጃፌን አልረገጠም። ማመልከቻዎቹን በሥራ ባልደረባው እጅ ይልካል። «አራት ቦታ ለካሁ። ሁለት ይቀረኛል። ዝናብ ነው።» በቃ። ከፊት አየሁት፣ ከኋላ አየሁት፤ ለእኔ የተጻፈ አንድ ቃል የለበትም። የሌላ ሴት ወንድ በወረቀቱ ጥግ አበባ ይሥላል! ያም ሆኖ እያንዳንዷን ወረቀት ሁለት ቅጂ እያወጣሁ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ቀን ለአምልኮ ቀድሜ ደርሼ የሲዳምኛው አምልኮ ሲያልቅ ሕዝቡ መሃል አየሁት። ከስቷል። አየኝና ቆመ፤ ደረቱ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘ ሰው ሁሉ እየገፋው አለፈ። እጄን ልዘረጋለት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ወጣ።

በዚያች ቀን ወሰንኩ። እሱ ካልዋሸ እኔ እዋሻለሁ።

ከእኔ የተሻለ ይህን ሥራ የሚችል የለም። ስንቱን የምስክርነት ጽሑፍ፣ ስንቱን የሠርግ ካርድ በእነዚህ ጣቶች ጽፌያለሁ! የህልሙን ዓይነት አውቃለሁ። ወንዝ ይኖራል። ማዶ ላይ የቆመ ሰው ይኖራል። መብራት ከተጨመረበት ደግሞ የሚጠራጠር የለም።

ሦስት ወሩ ሲሞላ እናቴም ጭምር ተጠርታ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ኩማ ከእኔ በአንድ ወንበር ርቆ ተቀመጠ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጋሽ ካሳሁን እንደ መጀመሪያው ጠየቁት።

«ሦስት ወር ጸለይኩ» አለ ኩማ። «በየቀኑ። አልነገረኝም።»

አቶ ጉልላት በረጅሙ ተነፈሱ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አንቺስ እህት ወንጌላዊት?» አሉ ጋሽ ካሳሁን።

ቆምኩ። ድምፄ ሲወጣ ያማረ ሆኖ ወጣ።

«ጌታ ነግሮኛል» አልኩ።

ህልሙን ተረክሁት። ወንዙን፣ ማዶውን፣ መብራቱን። «እሱ ነው፣ እጁን ያዢ» የሚል ድምፅ እንኳ ጨመርኩበት። እትዬ ሙሉጌጥ «ሃሌሉያ!» ብለው እጃቸውን አነሱ። አቶ ጉልላት እስክሪብቶአቸው እስኪሞቅ ይጽፋሉ፤ አንደኛው መስመር ሞላ፣ ሁለተኛው ሞላ። እናቴ ታለቅሳለች፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ፊቷ ሲያበራ አላየሁም። ተሳካ። ወንዱንም፣ እናቴንም፣ ሠርጉንም በሁለት ደቂቃ አገኘሁ።

ያኔ ወደ ኩማ ዞርኩ።

አልተቆጣም። ሰው የሚያውቀው ቤት ሄዶ በሩን የማያውቀው ሰው ሲከፍትለት እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«እንግዲህ ወንድም ኩማ» አሉ ጋሽ ካሳሁን፣ «ላንተ ባይነግርህም ለእሷ ነግሯታል። ትቀበላለህ?»

ኩማ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። «አዎ» ቢል መዋሸቱ ነው፤ «ዋሽታለች» ቢል እኔን በእናቴ ፊት ማዋረዱ ነው። ለጥያቄ ሁሉ አጭር መልስ የነበረው ሰው መልስ አጥቶ መሬት መሬቱን አየ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ጨመቃቸው። እዚያ ወጥመድ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ወንዶች እኔን በዚያው ቃል ሊከቱኝ እንደሞከሩት።

«ዋሸሁ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም መሰለኝ። ጮክ አልኩ።

«ዋሽቻለሁ። ህልም የለም። ወንዝም መብራትም የለም። ጌታ ለእኔም ምንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የወደድኩት፤ እሱን ካጣሁት የምሆነውን ስለማላውቅ ነው የዋሸሁት። ይቅር በሉኝ።»

«በጌታ ስም?» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ።

«አዎ እትዬ። በስሙ።»

ጋሽ ካሳሁን መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆዩ። መታገድ እንደማይቀርልኝ ቆጥሬ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ በመጨረሻ። «‹ነግሮኛል› ያላለኝ የለም። ሁሉም ይነገረዋል። ከዚያ ሲጣሉ ላስታርቃቸው እዚሁ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የተነገራቸውን ነገር ስጠይቃቸው አንዳቸውም አያስታውሱትም። ‹ዋሸሁ› ብሎኝ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።» ወደ እናቴ ዞሩ። «እርስዎ ምን ይላሉ? ልጅዎ ናት።»

እናቴ ተነሳች። ፊቷ ላይ ያ ብርሃን የለም። እኔን አላየችኝም። «ከአንቺ ጋር ቤት እንገናኛለን» አለች ወደ ግድግዳው፤ ከዚያ ኩማን ብዙ አየችው። ሦስት ወር ሙሉ ስሙን እንኳ ልትጠራው ያልፈለገችውን ሰው።

«ጋሽ ካሳሁን፣ እኔ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ» አለች። «ለሚዋሽላት አልሰጣትም። ለማይዋሽባት ነው የምሰጣት። እናንተ እንደወደዳችሁ አድርጉ፣ እኔ ግን ሰጥቻለሁ።»

ብላ ተቀመጠች።

ኩማ ከወንበሩ ወርዶ እግሯን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችው። እትዬ ሙሉጌጥ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጋሽ ካሳሁንም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ለእኔ የአንድ ወር የንስሐ ትምህርት ፈረዱብኝ፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ፈቀዱ።

«አምስተኛው ላይ ታዲያ ምን ልጻፍ?» አሉ አቶ ጉልላት፣ የተጨነቀ ሰው ድምፅ አውጥተው።

«ሰርዘው» አሏቸው ጋሽ ካሳሁን።

ከግቢው ስንወጣ እናቴ ሆነ ብላ ወደ ፊት ቀደመችን። እኔና ኩማ ጎን ለጎን ሄድን። ሦስት ወር ያልተነጋገርነው ሁሉ ተከምሮብኝ የቱን ላስቀድም አላውቅም። ደስታም፣ ሐፍረትም፣ ንዴትም አንድ ላይ ያዙኝ።

«ኩማ።»

«እ?»

«ውሸቴን ባልመልሰው ኖሮስ? ዋሽቼ ዝም ብል ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

ቆመ። አሰበ። ሌላ ወንድ ቢሆን «ያም ሆነ ይህ የእኔ ነበርሽ» ይል ነበር። ቢዋሸኝም ያን ሰዓት ይቅር እለው ነበር።

«እወድሽ ነበር» አለኝ። «አላገባሽም ነበር።»

እንዲህ በጠባብ ጠርዝ ላይ ቆሜ እንደነበር አላወቅሁም። በሠርጌ ማግስት እንኳ ሳይሆን ፈቃድ ባገኘሁበት ደቂቃ ይህን የሚነግረኝ ሰው ነው የመረጥኩት፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ በገዛ ዓይኔ አይቼ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ እያለ ሊያቃጥለኝ ነው።

ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ቆምኩና እስኪደርስብኝ ጠበቅሁት።